ትሪፍት ስቶር ምንድን ነው?

የልጅ ጃኬት ዕድሜው አንድ ክረምት ነው። ሳይነትብ፣ ሳይቀደድ እጅጌው ያጥራል። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው በየዓመቱ አዲስ መግዛት ኪስ ያራቁታል። ትሪፍት ስቶር የሚደርስልን ያኔ ነው።

ትሪፍት ስቶር ሰዎች በነፃ የሰጡትን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ ገቢው ለሥራቸው ይውላል። እንግሊዞች ቻሪቲ ሾፕ ይሉታል። ከሰልባጅ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሰልባጅ ነጋዴ በቦንዳ ገዝቶ ለራሱ የሚያተርፍበት ነው። ጨርቁ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ሳይሸጥ ከሚቀረው ልብስ ብዙው ታስሮ ወደ ሌላ አገር፣ አፍሪካም ጭምር ይላካል።

ጉድዊል የሚባለውን የትሪፍት ስቶር ድርጅት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ጀመረው። ከሀብታም ሰፈር ያረጀ ልብስና ዕቃ ሰበሰበ። ለድሆች አድሎ ዝም አላለም፤ እነሱኑ ቀጥሮ አስጠገነና ደመወዝ ከፈለ። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ዛሬም የሱቆቹ ገቢ ለሥራ ሥልጠና ይውላል።

ባለፈው ክረምት ለልጄ ጃኬት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስገለብጠው አንገቱ ውስጥ የሌላ ልጅ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ዚፑ ግን እንደ አዲስ ነው። ያ ልጅ ልብሱን አልጨረሰውም፤ አድጎበት ነው።

ልብስ፣ ጫማና መጽሐፍ ሳልጨነቅ እገዛለሁ። ካር ሲት፣ ማለትም የልጅ የመኪና መቀመጫ፣ ግን በፍጹም! አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ከላዩ አይታወቅም፤ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀንም አለው። የሕፃን አልጋም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው ዓይነት ሕፃናትን አጣብቆ ስለገደለ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁን 2011 ጀምሮ አዲሱም ሆነ አሮጌው እንዳይሸጥ ተከልክሏል። አንድ ቦታ ካያችሁት ለሠራተኞቹ ንገሩ።

ደግሞ ሁሉም ትሪፍት ስቶር የበጎ አድራጎት አይደለም። አንዳንዱ የግል ኩባንያ ነው፤ ዕቃውን ከበጎ አድራጎት ድርጅት ይገዛና ትርፉን ለራሱ ይይዛል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ደግ ነው። ግልጽ ካልሆነ ካሸሯን «ገቢው ለማን ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።