የኢፉጋኦ የሩዝ እርከኖች

የኢፉጋኦ እርከኖች በሰሜን ፊሊፒንስ፣ በሉዞን ደሴት የኮርዲሌራ ተራሮች ላይ የኢፉጋኦ ሕዝብ በእጁ የሠራቸው የሩዝ ማሳዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,500 ሜትር ይደርሳሉ። የኮንሶን ካብ ያየ ሰው የድንጋይ ሥራው እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚለያዩት በውሃው ነው። ማሽላ አብቃዩ ኮንሶ ካቡን የሚክበው አፈሩ እንዳይሸረሸርና ዝናቡ እንዲሰርግ ነው። ኢፉጋኦ ግን ተዳፋቱ ላይ ኩሬ ያቁራል።

ውሃው የሚመነጨው ከእርከኖቹ በላይ ካለው፣ ሙዮንግ ከሚባለው የቤተሰብ ደን ነው። ደኑ ዝናቡን ይመጥና ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ውሃውም በቦይ ተመርቶ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ሙዮንጉ ከተመነጠረ ከሥሩ ያለው ማሳ ይደርቃል። ማሳና ደን በልማዱ ለበኩር ልጅ ይወረሳሉ። መሬት ለልጆች ሁሉ ሲሸነሸን ላደገ የደገኛ አንባቢ ይህ የሚከብድ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ማሳው እንዳይበጣጠስ አድርጓል። ነባሩ የሩዝ ዝርያ ቲናዎን ይባላል፤ የሚታጨደው በዓመት አንዴ ብቻ ነው።

የእርከኖቹ ዕድሜ አከራካሪ ነው። በብዛት የሚጠቀሰው “2,000 ዓመት” የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፉት አሜሪካውያን፣ ከሮይ ባርተንና ከኦትሊ ባየር ነው። እነሱ ግን መሬት ቆፍረው ሳይሆን እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጨረስ ስንት ዘመን ይፈጃል ብለው ገምተው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፌሊክስ ኪሲንግ በ1962 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስፔን ሰነዶችን መርምሮ፣ እርከኖቹ ስፔኖችን ሸሽተው ወደ ደጋ የወጡ ሰዎች ሥራ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ፊሊፒናዊው አርኪዮሎጂስት ስቲቨን አካባዶም በጥንታዊቷ የኪያንጋን መንደር ከቆፈረ በኋላ ሐሳቡን አጠናክሮታል፦ በእርከን ላይ የሚመረተው ሩዝ የተስፋፋው ስፔኖች ከመጡ ወዲህ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሚተከለው ጎደሬ ነበር። ቁፋሮ ከግምት ይሻላልና ይህኛው ሚዛን ይደፋል። ዕድሜው ማጠሩም ሥራውን አያሳንሰውም፤ ተራራውን በጥቂት ትውልድ እንዲህ ማልበስ ይልቅ ይበልጥ ያስደንቃል። ዩኔስኮ ግን አሁንም 2,000 ዓመት ይላል።

ስፔኖች ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ቢገዙም ኢፉጋኦን በቅጡ ማስገበር አልቻሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ሴፕቴምበር 1945፣ የጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ እጁን የሰጠው በኢፉጋኦዋ የኪያንጋን ከተማ ነው።

የእርሻው ሥራ ከእምነት አይለይም። ሙምባኪ የሚባሉት የሥርዓቱ አባቶች ጸሎቱን ይመራሉ፤ ጎተራውን ቡሉል የተሰኙ የእንጨት ምስሎች ይጠብቁታል። ሁድሁድ የተባለው ረጅም የተረት ዜማ በዘር፣ በአጨዳና በለቅሶ ጊዜ ይዜማል፤ መሪዎቹ በአብዛኛው አረጋውያን ሴቶች ናቸው። ዜማው በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

እርከኖቹ የዓለም ቅርስ የሆኑት በ1995 ነው። የተመዘገቡት አምስት ስብስቦች ባታድ፣ ባንጋአን፣ ማዮያዎ፣ ሁንግዱዋንና ናጋካዳን ናቸው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ ካቡን የሚጠግን ጠፍቶ በ2001 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገቡ፤ የወጡት በ2012 ነው። በ20 ፔሶ ኖት ላይ የታተመውና ጎብኚ ሁሉ የሚያውቀው የባናዌ ከተማ እይታ ግን ከአምስቱ ውስጥ የለም።