የአጠቃቀም ምቹነት ምንድን ነው?

ስለ ሞባይል ግብይት የሚጽፉ አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን «መተግበሪያው ኦግመንትድ ሪያሊቲ ስላለው ለአጠቃቀም ምቹ ነው» አሉ። ይህን አባባል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም ሶፋን በስልክ ካሜራ በኩል ሳሎን ውስጥ ያለ አስመስሎ ማሳየት፣ የመተግበሪያው ችሎታ ነው። ምቹ መሆኑ ገና አልተጠየቀም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው አይኤስኦ 9241-11 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ምቹነትን በሦስት ነገሮች ይመዝናል፦ ሰውየው ያሰበውን በመፈጸሙ፣ ለዚያ ባወጣው ጊዜና ድካም፣ በእርካታው። ብዙዎች የሚዘሉት ግን ቅድመ ሁኔታውን ነው። የትኛው ተጠቃሚ፣ ለየትኛው ዓላማ፣ በምን ሁኔታ ውስጥ? እነዚህ ካልተነገሩ «ምቹ» የሚለው ቃል ምንም አልያዘም።

ሐረር ውስጥ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በመኪና ግርግር ልብስ ያሰፋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀሚስ እንዲሁ በደፈናው ልክ ነው አይባልም፤ ለአንዲት ሴት ልክ ነው። ልብስ ሰፊው ትከሻዋን ይለካል፣ ለሠርግ ይሁን ለሥራ ይጠይቃታል። ትከሻው ከጠበበ የጥልፉ ውበት አያሰፋውም። ለእርሷ ልክ የሆነው ለእህቷ ሊረዝም ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ለራሷም ሊጠብባት ይችላል። መተግበሪያም በአዲስ ስልክ ላይ ተመችቶ በአሮጌው ላይ ላይመች ይችላል።

አስተያየት ሰጪው «የሞከረው ሁሉ ተደነቀ» ብለው ይከራከራሉ። መደነቃቸውን አምናለሁ። ነገር ግን መደነቅ የመጀመሪያ ቀን ስሜት ነው፤ ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱን እንኳ በወጉ አይሞላም። የተደነቀው ሰው ቁም ሣጥኑ ከበሩ ጀርባ ይግባ አይግባ አውቆ ወጣ ወይ?

በሐረር በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ ያለ ጌይ ጋርን (ባህላዊ የሐረሪ ቤትን) እናስብ። ሰው የሚቀመጠው ከፍታቸው በሚለያይ ነደባ በሚባሉ መደቦች ላይ ነው። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ካሜራው የሚያያቸውን ጎላ ያሉ ነጥቦች ከእንቅስቃሴ ዳሳሾቹ ጋር አዛምዶ ነው። ስፌትና ሳህን የተሰቀለበት ግድግዳ ለዚህ ይመቻል። ልሙጥ ነጭ ግድግዳና ደብዛዛ ብርሃን ግን ነጥብ ያሳጡታል፤ ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ የተቀመጠው ዕቃ መንሸራተት ይጀምራል። ከፍታቸው ከሚለያየው ከእነዚህ መደቦች ውስጥ ዕቃው የሚያርፍበትን መለየትም ለተጠቃሚው ተጨማሪ ሥራ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን ሥራ የሚያሠራው የጎግል ሶፍትዌር ኤአርኮር ደግሞ ተፈትሸው ባለፉ ስልኮች ላይ ብቻ ስለሚሠራ፣ በርካሽ ስልክ የሚገበያይ ሰው ዕቃውን በካሜራ የሚያሳየውን ቁልፍ ጭራሽ ላያገኘው ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ይጨመርበታል፤ ካሜራውና ማቀነባበሪያው አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል።

ቨርችዋል ሪያሊቲን ከዚህ ጋር መቀላቀልም ይብቃ። እርሱ ክፍሉን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ያሳያል፤ ሶፋው ለራስ ሳሎን መስማማቱን ለማየት አያገለግልም።

ልብስ ላይ ከሆነ ጥንቃቄው ይበረታል። መነጽር ፊት ላይ አስመስሎ ማሳየት ጥሩ ደረጃ ደርሷል፤ የጨርቁን ክብደትና ልስላሴ ግን ካሜራ አያስዳስስም። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ላይ ገዢዎች መጀመሪያ ጨርቁን በጣታቸው የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙም በክፍሉ መብራት ይለወጣል።

ታዲያ ምቹነቱን እንዴት እናውቅ? የታሰበውን ገዢ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ቤት «ይህ ቁም ሣጥን ይገባልህ ወይ?» ብለን ሥራ እንስጠው። ያንኑ ጥያቄ በፎቶና በተጻፈ ስፋት ብቻ ለሌላ ገዢ እናቅርብ። ስህተቱን፣ ጊዜውን፣ እርካታውን እናወዳድር። ጥቂት ሰዎችን ማየት ችግር ለመፈለግ ይበቃል፤ ጊዜን ለማነጻጸር ግን አይበቃም፣ ይህ በሙያችንም የሚዘነጋ ነው። ሞካሪው ሲቸገር «ስልኩን ቀስ አድርገህ አንቀሳቅስ» ብለን ከረዳነው፣ ያ እርዳታ እንደ ጉድለት ይመዝገብ። የተጻፈው ስፋት ካሸነፈም በገጹ አናት ላይ ይቀመጥ፤ የካሜራው ቁልፍ ከሥሩ ይሁን።