በእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ላይ የሚቀረው የማን ስም ነው?

«ትራገላፈስ በክስተኒ (ላይዴከር፣ 1910)»። ይህ የደጋ አጋዘን ስም ነው፤ ግራ የሚያጋባው የሁለት ሰው ስም መያዙ ነው። በክስተን ናሙናውን ያስገኘው አዳኝ ነው፤ ስሙ መታሰቢያ ሆኖ ገብቷል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ለአንድ ወንድ መሰየሙን ታሳያለች፤ ለሴት ቢሆን «ኤ» ትሆን ነበር። ላይዴከር ደግሞ ዝርያውን ገልጾ ስሙን ያወጣው ሰው ነው፤ 1910 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ገለጻው የታተመበት እንጂ እንስሳው የተገኘበት ዓመት አይደለም።

ቅንፉንም ለጌጥ አትዩት። ላይዴከር መጀመሪያ «ስትረፕሲሰሮስ» በሚባል ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ቡድን፤ የስሙ የመጀመሪያ ቃል ነው) መድቦት ነበር፤ ወገኑ ሲቀየር የሰያሚው ስም በቅንፍ ይገባል። ዋልያ ግን «ካፕራ ዋሊ ሩፕል፣ 1835» ተብሎ ያለ ቅንፍ ይጻፋል፣ ወገኑ ስላልተቀየረ።

የሰያሚውን ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ይተወዋል። በራስ ስም መሰየምን ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ አይከለክልም፣ በሙያው ግን ነውር ነው።