ኤቲፒ ምንድን ነው? ኃይሉስ ያለው የት ነው?

ኤቲፒ ህዋስ ለሥራው ኃይል የሚያገኝበት ሞሎኪዩል ነው፤ ሙሉ ስሙ አዴኖሲን ትራይፎስፌት ነው። አዴኒን የሚባል ናይትሮጅን ያለበት ክፍል አለ፣ ራይቦስ የሚባል ባለ አምስት ካርቦን ስኳር አለ፣ ከስኳሩ ቀጥሎ ደግሞ ተሰልፈው የተያያዙ ሦስት ፎስፌቶች አሉ። የጫፉ ፎስፌት ሲነሳ ባለ ሁለት ፎስፌቱ ኤዲፒ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ የሚቸገር ተማሪ የለም። ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ በሚባለው ነው፦ «ኃይሉ በፎስፌቶቹ ትስስር ውስጥ ተከማችቷል፤ ትስስሩ ሲበጠስ ይወጣል።»

እንዲህ የሚል ተማሪ ኬሚስትሪ ላይ የተማረውን ባዮሎጂ ላይ ረስቶታል። ትስስርን መበጠስ ምንጊዜም ኃይል ያስከፍላል እንጂ አይሰጥም፤ ኃይል የሚገኘው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው። ለኤቲፒ ተብሎ የሚሻር ሕግ የለም። ለግራ መጋባቱ በከፊል ተጠያቂው አንድ ምልክት ይመስለኛል። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ፍሪትዝ ሊፕማን በ1941 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን ትስስር በቀጥታ መስመር ፈንታ በሞገድ ምልክት አሳየው፤ «ባለ ከፍተኛ ኃይል ትስስር» የሚለው አነጋገርም ተስፋፋ። እሱ የሚያወራው ኤቲፒ ከውሃ ጋር ተፀግብሮ ሲለያይ በጠቅላላው ስለሚገኘው ኃይል ነበር። አንባቢው ግን መስመሯ ውስጥ የታመቀ ነገር ያለ መሰለው።

ታዲያ ኃይሉ ከየት ይመጣል? ፎስፌቶቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ናቸው፤ ፒኤች 7 አካባቢ የሞሎኪዩሉ ጠቅላላ ቻርጅ ወደ ኔጌቲቭ አራት ይጠጋል። ተመሳሳይ ቻርጅ እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ ማግኒዚየም በመሃል ገብቶ ቢያረግበውም ጨርሶ አያጠፋውም። የጫፉ ፎስፌት ሲለይ መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ የተለየውም ፎስፌት ኤሌክትሮኖቹን በኦክስጅኖቹ መካከል አዳርሶ ይረጋጋል፣ ውሃም በደንብ ይከበዋል። ለመበጠስ ከወጣው ይልቅ በዚህ ሁሉ የተገኘው ይበልጣል። ትርፉ በመደበኛ ሁኔታ ሲለካ በአንድ ሞል 30.5 ኪሎጁል ያህል ነው።

አሁን ልብ በሉ። በሕያው ህዋስ ውስጥ ይኸው ቁጥር ወደ 50 ኪሎጁል ይጠጋል። ሞሎኪዩሉ ያው ነው፣ ትስስሩም ያው ነው፤ የተለየው በዙሪያው ያለው መጠን ነው። ህዋስ ኤቲፒን አብዝቶ ኤዲፒን አሳንሶ ይይዛል፤ ፀግብሮቱ ለራሱ ቢተው ግን ኤቲፒው ከሞላ ጎደል ሁሉ ተለያይቶ ያልቅና ሚዛን ላይ፣ ማለትም መለያየቱና መልሶ መያያዙ እኩል የሚሆኑበት ሁኔታ ላይ፣ ይደርስ ነበር። ሚዛን ላይ ከደረሰ ድብልቅ ደግሞ፣ ጥቂት ኤቲፒ ቢቀርበት እንኳ፣ ምንም ሥራ ማውጣት አይቻልም። እንግዲህ ኃይሉ ያለው በሞሎኪዩሉ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ህዋሱ ከሚዛን በራቀበት ርቀት ላይ ነው። «ኤቲፒ ባትሪ ነው» የሚለው ምሳሌ የማይጥመኝም ለዚህ ነው፤ ባትሪን ከመሣሪያው አውጥተን ኪሳችን ብንከተው ኃይሉ አብሮት ይሄዳል።

ከሚዛን ይህን ያህል የራቀ ነገር በራሱ ጊዜ የማይፈርሰው ፀግብሮቱን ለማስጀመር የሚታለፍ እንቅፋት ስላለ ነው። ፀግብሮትን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ማለትም ኢንዛይም፣ ካልመጣ ኤቲፒ በውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ኢንዛይሙ መጥቶም ኤቲፒን ከውሃ ጋር ብቻ ቢያፀግብረው የምናገኘው ሙቀት ነው፣ ሌላ ምንም። ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፎስፌቱ ለሌላ ሞሎኪዩል ሲተላለፍ ነው። ግሉኮስን ከፎስፌት ጋር በቀጥታ ማያያዝ በሞል 13.8 ኪሎጁል ይጠይቃል። ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ግን ፎስፌቱን ከኤቲፒ ነጥቆ ለግሉኮስ ስለሚሰጥ ሁለቱ ፀግብሮቶች አንድ ይሆናሉ፤ ሂሳቡም ወደ 16.7 ኪሎጁል ትርፍ ይዞራል።

ኤዲፒን መልሶ ኤቲፒ የሚያደርገው ዋናው መሣሪያ ኤቲፒ ሲንቴዝ ነው፤ ፕሮቶኖች በማይቶኮንድሪያ ሽፋን በኩል ሲያልፉ እንደ መዘውር የሚሽከረከር ፕሮቲን። በአንድ ዙር ሦስት ኤቲፒ ያወጣል። ፖል ቦየርና ጆን ዎከር በዚህ ሥራቸው የ1997ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። ቦየር ያመለከተው ነገር ብዙ ተማሪን ያስገርማል፦ ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቀው ሳሉ ኤዲፒና ፎስፌት ያለ ብዙ ወጪ ይያያዛሉ፤ የፕሮቶኖቹ ኃይል በዋናነት የሚውለው የተሠራውን ኤቲፒ ከኢንዛይሙ ለማላቀቅ ነው።

ጡንቻም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን አክቲን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ጨብጦ ከጎተተ በኋላ የሚለቀው አዲስ ኤቲፒ መጥቶ ሲጣበቅበት ነው፤ ለመልቀቅ መጣበቁ ብቻ ይበቃል፣ መለያየቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሬሳው ደርቆ የሚገተረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤቲፒው አልቋል፣ ማዮሲኖቹ እንደጨበጡ ቀርተዋል፤ የሚላቀቁት ፕሮቲኖቹ ራሳቸው መፈራረስ ሲጀምሩ ነው።