«ጠንካራ ጎን» ማለት ምንድን ነው?

ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በግራ «ጠንካራ ጎን»፣ በቀኝ «ደካማ ጎን» ብሎ መጻፍን ሁሉም ያውቀዋል። እሱን አላስረዳም።

ሰሞኑን ግን አንድ መካሪ ነኝ ባይ «ደካማ ጎንህን ለይተህ አጥፋው፣ ከዚያ የፈለግከውን ሥራ ትመርጣለህ» ሲል ሰማሁትና ደሜ ፈላ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። እዚህ ጅማ ሥራ ፈላጊ ልጆችን ሳማክር ዓመታት ሆኖኛል፣ ይቺን ምክር ሸምድዶ የሚመጣ አይጠፋም።

ወንድሜ፣ ጥንካሬ ብቻውን አይቆምም። «ለየትኛው ሥራ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ታላቅ ወንድሜ ቡና ቀማሽ ነው። 8.25 ግራም ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይመዝናል፣ 4 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ላዩ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ ገለጥ አድርጎ ያሸታል፣ ከዚያ ሰፈር እስኪሰማ ስርርር አድርጎ ይስበዋል። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ አንዱን የታጠበ ቡና (ከመድረቁ በፊት ገለባው ወልቆ የታጠበውን) ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ወይን ወይን ይላል፣ ተብላልቷል» ብሎ ነጥብ ቀነሰበት። ቀጥሎ ከነገለባው የደረቀ ቡና መጣ። ያው የወይን ቃና! አሁን ግን ፈገግ አለ። እንከኑ እዚህ ጋ ገንዘብ ሆነ። (ቀማሾች እንዳትቆጡኝ፣ በደረቁም ቢሆን ከበዛ ጥፋት ነው። ሻጋታ ደግሞ የትም ሻጋታ ነው።)

ሰውም እንደዚሁ ነው። ሽያጭ ላይ «ዝምታ አበዛ» የተባለው ልጅ ላቦራቶሪ ሲገባ ዝምታው ማንንም አይረብሽም።

ምሳሌዬን ትንሽ ልለጥጠው። ቡና አፈር አፈር ካለ ዘሩን አትስደቡ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ መሬት ላይ ስለተሰጣ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቢደርቅ ኖሮ አይልም ነበር። «እንግሊዝኛ ደካማ ነኝ»፣ «ኮምፒውተር አልችልም» የሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ መሬት ላይ የተሰጡ ናቸው፤ ማን አለማመዳቸው? ይሄ ይታረማል። የበቀለበት ከፍታ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቆላ የበቀለውን በማድረቅ ደጋ አታደርገውም። ሰው ሲበዛበት የሚደክመውን ልጅ «ድክመትህን አጥፋ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ፊት ማስቀመጥ ግፍ ነው።

«እሺ መጠይቅ ስጠኝና ልወቀው» የሚለኝም አለ። በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ በጆን ሆላንድ ሐሳብ፣ ማለትም በፈረንጆች 1959 ሰውንና ሥራን በ6 ዓይነት በከፈለው ላይ የተሠሩት መጠይቆች የሚለኩት ዝንባሌን ነው፣ ችሎታን አይደለም። መውደድና መቻል ይለያያሉ። ራስን መገምገምም አያስተማምንም፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳኒንግና ክሩገር በፈረንጆች 1999 ባወጡት ጥናት፣ ፈተናውን ዝቅ ብለው የሠሩት ራሳቸውን እጅግ ከፍ አድርገው ገምተው ነበር። ጎበዞቹ ደግሞ ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ስሌቱ ላይ ዛሬም ክርክር አለ፣ ግን የጎበዞቹን ነገር እኔ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ያለ ድካም የሚሠሩትን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ባለፈው አንዲት ልጅ መጣች። እናቷ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ኮረሪማ ይሸጣሉ። ወረቀቷ ላይ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» ይላል። ደካማ ጎን፦ «ሁሉም ነገር ፍጹም እንዲሆን መፈለጌ»። ከየት እንደተገለበጠ አውቃለሁ፣ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እያወራን ስልኳ ጮኸ። ከአንድ ገበሬ ጋር በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ተከራከረች፣ ሳቀች፣ አስቀነሰች፣ ዘጋች። ወዲያው እናቷ ጋ ደውላ በዳውሮኛ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይቅርታ ጋሼ» አለችኝ።

«ይሄንን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«የቱን?» አለች።