«ምን ነካኝ?» አርባን ከተሻገሩ በኋላ ስለሚበዛው መጋጨትና መውደቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አርባን የተሻገረ ሰው ጭኑ ላይ የበለዘ ነገር አይቶ ግራ ይጋባል። ከየት እንደመጣ ትዝ የሚለው በማግስቱ ያው የጠረጴዛ ጠርዝ ያንኑ ቦታ ሲመታው ነው። የቁም ሣጥኑ በር ግንባሩን፣ የአልጋው እግር ትንሿን ጣቱን አይስቱም። ቤተሰብ ይስቃል። ይሳቅ፣ ደግ ነገር ነው። ከሳቁ ጋር የሚወረወረው ማብራሪያ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ይህ ያሳስበኛል፤ መንስኤው በትክክል ከታወቀ ብዙውን ግጭትና ውድቀት ማስቀረት ይቻላልና።

«አንዳንድ ሰው አደጋ ይወደዋል»

ይህ አባባል አንድ ሰሞን የሳይንስ ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ግሪንውድ እና ዉድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ የጥይት ፋብሪካዎች የደረሱ አደጋዎችን መርምረው፣ ብዙው አደጋ የሚደርሰው ጥቂት ሠራተኞች ላይ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ «ለአደጋ የተፈጠረ ሰው አለ» የሚለው እምነት ለረጅም ዓመታት ገነነ። ነገር ግን አደጋ በዕጣ ብቻ ቢመጣም እኩል አይዳረስም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 100 ጠጠር በ100 ሣጥን ላይ ብትበትኑ፣ 37 ያህሉ ሣጥን ባዶ ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሦስትና አራት ይደርሰዋል። ባለ አራት ጠጠሩ ሣጥን ከሌላው የተለየ ነገር የለውም። ሰው ከሰው አይለይም እያልኩ አይደለም። ጠባዩ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ግን ደረጃውን፣ መብራቱን፣ መነጽሩንና እንቅልፉን ማየት ይቀድማል።

«ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል»

የመጀመሪያው ቃል ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግን ጨርሶ ልክ አይደለም።

ከዓይን እንጀምር። አርባ አካባቢ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ይሄድና ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል። መነጽር ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜም ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ የሆነው ዓይነት። አሁን ይህን መነጽር ያደረገ ሰው ደረጃ ሲወርድ አስቡት። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ በንባቡ ክፍል በኩል ያያል። የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ያለበትን ቦታ በትክክል መገመት ያቅተዋል። ሰውየው ቀዥቃዣ ሆኖ አይደለም፣ መጽሐፍ በሚያነብበት መስተዋት ደረጃ እየወረደ ነው። አገጭን ዝቅ አድርጎ በላይኛው ክፍል ማየት ይረዳል። ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ለሩቅ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መነጽር ቢኖረው ይሻላል። ብርሃንም አለ። በ60 ዓመት ወደ ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከነበረው ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ «ለሽንት ቤት ብቻ መብራት አላበራም» ማለት ቁጠባ አይደለም፣ ይብራ።

ቀጥሎ እግር። ስንራመድ የጫማችን ጫፍ ከመሬት የሚርቀው ዝቅ በሚልበት ቅጽበት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲደክመን ይህም ይቀንሳል። የተቀለበሰች የምንጣፍ ጥግ የምትበቃን ለዚህ ነው። ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ የጡንቻ መጠን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ጡንቻ ፈጥኖ ኃይል የማውጣት አቅሙ የሚቀንሰው ደግሞ ከዚያ በባሰ ነው። በ25 ዓመታችሁም እንቅፋት ይመታችሁ ነበር። ያኔ ግን ሌላኛው እግር ፈጥኖ ደረሰ። አሁን እንቅፋቱ ያው ነው፤ የዘገየው የሚያድነው እርምጃ ነው።

እሱ ደግሞ በልምምድ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 1,702 ሰዎች በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ እንዲቆሙ አድርጎ ነበር። ከ51 እስከ 55 ካሉት ያልቻሉት 5 በመቶ ያህል ናቸው። ከ71 እስከ 75 ካሉት ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። በሃምሳ የሚጀመር ልምምድ በሰባ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ጥርስ ሲቦረሽ በአንድ እግር መቆም፣ አንድ እጅ ግን መታጠቢያው አጠገብ ይሁን። እጅ ሳያስደግፉ ከወንበር ፈጠን ብሎ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ተረከዝ እያነሱ በጣት መቆም። ገንዘብ አያስወጣም፤ ለሳቅም ይመቻል።

«ቀልብ የለውም»

ቀልቡ አለ፣ ተከፋፍሎ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በአንድ ወገን ልጅ፣ በሌላ ወገን ወላጅ፣ መሃል ላይ ሥራ አለበት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዙር ሊጨርስ ይነሳል። በሁለት እጁ ቦርሳ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል፣ ቁልፉን በጥርሱ ይዞ ደረጃ ይወጣል። መደገፊያውን የሚይዝ እጅ አልተረፈም። ሁለት ዙር መመላለስ ስንፍና አይደለም! እንቅልፍም ያው ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የንቃቱ መጠን በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ማለዳ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ መሰላል ባይወጣ ይመረጣል። አምፖሉ ነገም አለ።

«ስለታም ቢላ አደገኛ ነው»

ዱልዱሙ ይብሳል። ኃይል ይጠይቃል፣ ይንሸራተታል፣ ጣት ያገኛል። ይሳል።

«ከወደቅሁ ወዲህ አርፌ መቀመጥ ይሻላል»

የወደቀ ሰው መፍራቱ ተገቢ ነው። ፍርሃቱ ግን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመ ጡንቻ መልሶ ይጥላል። ጉዳቱ ሲሻል፣ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ነው የሚበጀው።

«ተራ ነገር ነው፣ ለሐኪም አይነገርም»

ይነገራል። አንዳንድ የአለርጂ፣ የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒቶች ያደነዝዛሉ፣ ወይም ከመቀመጫ ሲነሱ ያዞራሉ። የስኳር በሽታና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የእግርን ስሜት ያደነዝዛሉ፤ መሬቱን በደንብ የማይሰማ እግር ደግሞ ይሰናከላል። ካረጠች በኋላ የሴት አጥንት በፍጥነት ስለሚሳሳ፣ በቀላል ውድቀት የእጅ አንጓዋ የተሰበረ ሴት የአጥንቷን ጥንካሬ ብትመረመር ይመከራል። ዕቃ ከእጅ መውደቁ ድንገት ከመጣና ከአንድ ወገን መዛል፣ ከፊት መጣመም ወይም ከአንደበት መተሳሰር ጋር ከሆነ፣ የአንጎል የደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ምንም ባይሰማው እንኳ የዚያኑ ዕለት ይታይ።