ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በወሎ በአንዲት የገጠር ደብር፣ በትንሣኤ ሌሊት፣ ከአንዲት አረጋዊት እናት አጠገብ ቆሜ ነበር። ካህናቱ በቀዳም ሥዑር «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ ያደሉት ቄጠማ በራሳቸው ላይ እንደታሰረ ጠውልጓል፤ የጧፉ ሰም ጣታቸው ላይ እየተንጠባጠበ ሲደርቅም አያራግፉትም። ልጃቸው በስደት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። «እማማ፣ በዚህ ጉልበትዎ ያንን ዳገት በሌሊት እንዴት ወጡት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የጉልበቱ ሕመምማ ቤት ብቀመጥስ መቼ ይተወኛል!» አሉኝ።

ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 16 የሚነግረን ስለ እንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። መግደላዊት ማርያም፣ የያዕቆብ እናት ማርያምና ሰሎሜ ሽቱ ይዘው እጅግ በማለዳ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ «ድንጋዩን ከመቃብሩ ደጃፍ ማን ያንከባልልልናል?» ይባባሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ብንሆን ድንጋዩን የሚገፋ ጎረምሳ ሳንፈልግ ከቤት የምንወጣ አይመስለኝም። እነርሱ ግን ለጥያቄያቸው መልስ ሳያገኙ፣ መንገዳቸውንም ሳያቋርጡ ሄዱ። ደግሞም የያዙት ሽቱ ለሞተ ሰው የሚሆን እንጂ የተነሣውን ለመቀበል የሚሆን አልነበረም፤ ስለዚህ ትንሣኤውን ያዩት እምነታቸው ከሌላው ስለ በረታ ሳይሆን፣ ፍቅራቸው ከኀዘናቸው ጋር አብሮ ስላስነሣቸው ነው። ቀና ብለው ሲያዩ፣ እጅግ ትልቅ የነበረው ያ ድንጋይ ተንከባሎ ነበር። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን ጌታ የተነሣው መቃብሩ እንደታተመ ነው፤ መልአኩ ድንጋዩን ያንከባለለው ለእርሱ መውጫ ሳይሆን ለሴቶቹ መግቢያ ነው።

የ1977ቱን ድርቅ ያየ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ከቀየው የተፈናቀለ ሰው በሚበዛበት በወሎ፣ ያዘነን ሰው «ፋሲካ ነው፣ አታልቅስ» ማለት ማጽናናት አይመስለኝም። ጌታችን ራሱ በመቃብሩ ደጃፍ ለቆመችው ለመግደላዊት ማርያም «ስለ ምን ታለቅሻለሽ?» አላት እንጂ ስለ ልቅሶዋ አልገሠጻትም፤ እንባዋ ሳይደርቅ በስሟ ጠራት፣ ያን ጊዜም ዐወቀችው። ለቶማስም የችንካሩን ምልክት አሳየው። ከሞት የተነሣው ሥጋ ቁስሉን አልደበቀም፤ ስለዚህ ቁስላችንን ይዘን ወደ እርሱ መቅረብ አያሳፍረንም።

መቃብር መጨረሻ አለመሆኑን ላሊበላን የተሳለመ ሰው በእግሩ ያውቀዋል። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሲገባ መቃብረ አዳም በተባለው፣ ከአለት በተፈለፈለው በር ያልፋል። መቃብር የተባለው ቦታ መተላለፊያ ነው፤ ሰው በዚያ ገብቶ መቅደስ ይደርሳል። በየዓመቱ «አግዐዞ ለአዳም» ማለትም አዳምን ነጻ አወጣው እያልን የምንመሰክረውን፣ የላስታ ጠራቢዎች በድንጋይ ላይ የጻፉት ያህል ይሰማኛል።

በፋሲካ እሑድ ደስ ለማለት አቅም ያጣ ሰው ቢኖር ቤተ ክርስቲያን አታጣድፈውም። በመጀመሪያው ቀን ላልነበረው ለቶማስ ጌታ ከስምንት ቀን በኋላ ዳግመኛ ተገልጦለታል፤ ለእኛም እስከ ጰራቅሊጦስ ጾምና ስግደት የሌለበት በዓለ ሃምሳ ተሰጥቶናል። በእነዚህ ሳምንታት እንጀራውና ወጡ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዘዋወር፣ ልጁን የቀበረውን፣ ዕዳ የተጫነውን፣ በሕመም አልጋ የያዘውን ቤቱ ድረስ ሄደን የትንሣኤውን ሰላምታ እናድርስለት፤ ስለ ሸክሙ ምክር ማብዛት አያስፈልግም።

ያን ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ዳገቱን አብረን ስንወርድ፣ ክንዳቸውን ይዤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኳቸው። እማማ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ በተሰነጣጠቀ ድምፅ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለው መለሱልኝ።